አቡነ ዮሴፍ፦ የላስታ ጣሪያና የዋሻው ሙታን

(ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

መግቢያ

በግዕዝ «ደብር» ማለት ተራራ ማለት ነው። ዛሬ ግን «ደብሩ የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ ቤተ ክርስቲያኑን ማለታችን እንጂ ተራራውን ማለታችን አይደለም። አንድ ቃል ከተራራ ተነሥቶ ቤተ መቅደስ እስኪሆን ድረስ የሄደበት መንገድ ስለ አገራችን ብዙ ይነግረናል። ደብረ ዳሞ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ግሸን ደብረ ከርቤ እያልን ስንጠራ ሳናስበው ተራራ እየጠራን ነው። አባቶቻችን ከፍ ያለ ቦታ ሲያዩ ጸሎት ታያቸው፤ ጸሎት ሲያስቡ ደግሞ ወደ ላይ ወጡ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ተራራ ላወጋችሁ ነው። ተራራው አቡነ ዮሴፍ ይባላል። ስለ ላሊበላ ያልሰማ የለም፤ ላሊበላን ከላይ ሆኖ ስለሚያየው ተራራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በተራራው ሰንሰለት ውስጥ ባለ አንድ ዋሻ ስለተኙት ሙታን ደግሞ የተጻፈው በአብዛኛው ለቱሪስት ነው። እኔ ያደግሁት በዋግ ኽምራ፣ በዝቋላ ወረዳ፣ ጽጽቃ ነው። (ዝቋላ ስል ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የሚታሰቡበት በሸዋ በኩል ያለው ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ የኛው ዝቋላ በተከዜ አጠገብ ያለ ቆላ ነው።) ለቆላ ልጅ ደጋ ማለት ውኃው የሚመጣበት፣ ብርዱ የሚወራለት፣ ታቦቱ የሚሳለምበት ሩቅ አገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ስለ ተራራውና ስለ ዋሻው የሚታወቀውን ባጭሩ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን የሚመለከት ጥያቄ ማንሳት ነው፦ ቅዱስ ስለሆነ ቦታና በዚያ ስላረፉ ሙታን ስንዘግብ ምን እንጻፍ? ምንስ ፎቶ እናንሳ?

1. ተራራው

አቡነ ዮሴፍ በሰሜን ወሎ፣ በጥንቱ ላስታ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ከራስ ደጀን ቢያንስም ከአገራችን ታላላቅ ተራሮች አንዱ ነው። ከሥሩ የላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ይህ ማለት ከከተማው እስከ ጫፉ ያለው ልዩነት ብቻ 1,700 ሜትር ያህል ነው።

ተራራውን የሚወጣ ሰው ከእርሻ ይጀምራል። ገብስ እስከሚበቅልበት ድረስ የገበሬው ማረሻ አለ። ከዚያ በላይ አስታ፣ ጓሳ ሣርና ጅብራ ይመጣል። ጅብራ ከሩቅ ሲያዩት በጉም ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል። ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ይነጫል። ቀይ ቀበሮም አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 እንደማይሞሉ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ትልቁ ጠላቱም ጠመንጃ ሳይሆን ከቤት ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ማረሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውሻውም አብሮ ይወጣል፤ ቀበሮው ግን ከጫፉ በላይ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። የተራራው የላይኛው ክፍል ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው።

ውኃውም የሚጠፋ ነገር አይደለም። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ደጋ ነው። ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ በየሸለቆው ተጠራቅሞ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ዞሮ በኛ ቆላ በኩል ያልፋል። ታዲያ ደጋው ሲራቆት ዋጋውን የሚከፍለው የደጋው ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

2. ዋሻውና ንጉሡ

በዚህ ተራራማ አገር ውስጥ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ጥድና ወይራ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ልብ በሉ፤ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ አይደለም። ከድንጋይና ከእንጨት የታነጸ ሕንፃ ነው፤ ዋሻው ደግሞ እንደ ጣሪያ ሆኖ ይሸፍነዋል። ዝናብና ፀሐይ ሳይነካው ዘመናትን የተሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። ከላሊበላ በፊት የነገሠ ሲሆን ክህነትንና ንግሥናን አንድ ላይ የያዘ ንጉሥ ተብሎ ይታወሳል። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳን ብላ የምታከብራቸው የዛጉዌ ነገሥታት አራት ናቸው፦ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም (ሐርቤ)፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ። የይምርሐነ ክርስቶስ በዓል ጥቅምት 19 ይከበራል። ገድሉ ቦታውን «ወግረ ስኂን» ይለዋል፤ የዕጣን ኮረብታ እንደማለት ነው። 40 ዓመት እንደነገሠም ትውፊቱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ገድሉን ስናነብ ሁለት ነገር እናገኛለን፤ ስለ ንጉሡ የተነገረውንና የተናገሩት ሰዎች ንጉሣቸው ምን እንዲሆን እንደፈለጉ። ሁለቱም ታሪክ ነው። ሁለተኛውን «ተረት» ብሎ መጣል አላዋቂነት ነው፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ያለ ጥያቄ እንደ ዜና መዘገብ ሙያችን አይፈቅድልንም።

ከውጭ አገር ሰዎች ስለ አካባቢው ቀድሞ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 ታትሟል። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ አንባቢዎቹ አያምኑኝም ብሎ ስለፈራ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን እየማለ ነው ያሰፈረው። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ መሐላው ነው። ዘጋቢ ያየውን ለማሳመን መሐላ ካስፈለገው ያየው ነገር ምን ያህል ከአንባቢው ዓለም የራቀ እንደነበረ መገመት አያቅትም።

3. ሕንፃው ምን ይነግረናል?

የሕንፃው ግድግዳ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እያለ ይቀጥላል። ከሩቅ ሲታይ ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስላል። ይህ አሠራር የአክሱም ነው። የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሰው በድንጋይ ላይ የተቀረጹትን የእንጨት ሕንፃ ምልክቶች ያስታውሳል፤ ደብረ ዳሞ ላይም ያው አሠራር አለ። በአክሱም ሐውልት ላይ ሥዕል ሆኖ የቀረው፣ እዚህ ዋሻ ውስጥ ሕንፃ ሆኖ ቆሟል ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ትልቅ ትርጉም አለው። ዛጉዌዎች አገዎች ናቸው። ከዛጉዌ በኋላ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ዙፋን የቀሙ አድርገው ነው የሚያቀርቧቸው። ሕንፃው ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። የአክሱምን የሥነ ሕንፃ ጥበብ ተረክበው፣ ጠብቀው፣ ለተተኪው ያስተላለፉት እነሱ ናቸው። ድንጋይና እንጨት የአሸናፊን ቋንቋ አይናገሩም።

እኛ ዋጎች ከዚህ ታሪክ ጋር የሥጋ ዝምድና አለን እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኵኖ አምላክ ሲነግሥ ለዛጉዌ ወገን የዋግ ግዛት እንደተሰጠና የዋግ ሹሞች የዘር ሐረግም ከዚያ እንደሚመዘዝ ትውፊቱ ይናገራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት፣ ድል እስከሆኑ ድረስ።

4. ሙታኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ ዋሻው እየጨለመ በሚሄድበት በኩል፣ የሰው አጽምና የደረቀ አስከሬን ተከማችቶ ይገኛል። አንዳንዱ በሰሌን እንደተጠቀለለ ነው። አንዳንዱ ተገልጧል። ትውፊቱ እንደሚለው እነዚህ ሰዎች ከኢየሩሳሌም፣ ከግብፅና ከሌላም አገር የንጉሡን ቅድስና ሰምተው የመጡና «ከዚህ አንመለስም» ብለው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው። ቁጥራቸውንም በሺህ ያደርሰዋል።

የኛ አገር ሰው ስለ ሞተ ሰው ሲናገር «ነፍስ ይማር» ሳይል አያልፍም። አስከሬን መሸፈን፣ ፊቱን አለመግለጥ፣ በላዩ ላይ አለመራመድ የታወቀ ወግ ነው። እዚህ ዋሻ ውስጥ ግን ጎብኚው በእጅ ባትሪ እያበራ ይመለከታል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶውም ዓለምን ይዞራል። ከሥሩ የሚጻፈውን ብታዩ ደግሞ የራስ ቅሉ እንጂ ሰውዬው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም።

በኛም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። በውስጡ በእንጨት ሣጥን የተቀመጡ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ የዋግ ሹሞች ናቸው ይባላል። ለታሪክ ተመራማሪ ሀብት ናቸው። ለዋግ ሰው ግን አያቶች ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ «ቅርስ» የሚለውን ሌላው «ዘመድ» ይለዋል።

5. ከባሕር ማዶ፦ የአንዲስ ተራሮች

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ለጥንቶቹ ኢንካዎችና ለጎረቤቶቻቸው ቅዱሳን ነበሩ። የአካባቢው ሰው ተራራውን «አፑ» ይለዋል፤ ጌታ፣ ጠባቂ እንደማለት ነው። ኢንካዎች በታላላቅ ጫፎች ላይ «ካፓኮቻ» በሚባል ሥርዓት ሕፃናትን ይሠዉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዮሐን ራይንሃርድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ፔሩአዊው ጓደኛው ሚጌል ሳራቴ በፔሩ 6,288 ሜትር ከፍታ ባለው በአምፓቶ ተራራ ላይ በበረዶ የቆየች ልጃገረድ አገኙ። «ሁዋኒታ» ብለው ሰየሟት። ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ አመዱን ረጭቶ በረዶውን ባያቀልጠው ኖሮ አትገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር ላይ ባለው 6,739 ሜትር ከፍታ ባለው ዩያይያኮ ተራራ ጫፍ ላይ ሦስት ልጆች ተገኙ። ዛሬ ሳልታ በምትባል የአርጀንቲና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተ ሙዚየም ውስጥ በቅዝቃዜ ተጠብቀው ይገኛሉ። ሙዚየሙ ሦስቱን በአንድ ጊዜ አያሳይም፤ አንዱን ብቻ በየተራ ነው የሚያሳየው። እንዲያም ሆኖ «ልጆቻችን ከተራራው መውረድ አልነበረባቸውም» የሚሉ የአገሬው ተወላጆች አሉ። ተመራማሪዎች ደግሞ «ባናወርዳቸው መቃብር ዘራፊ ይወስዳቸው ነበር» ይላሉ። ሁለቱም የሚሉት አላቸው።

የኛና የእነሱ ነገር አንድ ነው ለማለት አይደለም። ልዩነቶቹ ግልጽ ናቸው። እነዚያ ልጆች ተሠውተዋል፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ሙታን ግን በትውፊቱ መሠረት ቦታውን ራሳቸው መርጠው ነው ያረፉት። የኢንካዎች መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1532 ጀምሮ በስፔኖች ወረራ ፈረሰ፤ ልጆቹን ያስቀመጠው ሥርዓትም አብሮ ተቋረጠ። በኛ ዋሻ ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም። ሙታኑን የተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አጠገባቸው ትቀድሳለች። ስለዚህ «ባለቤቱ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ለነሱ ከባድ ነው፤ ለኛ ግን መልስ አለው። ችግራችን መልሱን የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

ከአንዲስ ሌላም ትምህርት አለ። በፔሩ አውሳንጋቴ ተራራ አጠገብ በየዓመቱ «ኮይዩር ሪቲ» የሚባል ታላቅ የእምነት ጉዞ ይደረጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ተጓዦቹ እኛ ጠበል ቀድተን ወደ ቤታችን እንደምንወስደው ከተራራው በረዶ ቆርጠው ለመድኃኒት ይወስዱ ነበር። በረዶው በሙቀት ምክንያት እየሳሳ ሲመጣ መቁረጡን ተዉት። እምነት ራሱ ተራራውን ለመጠበቅ ሲል ልማዱን አሻሻለ ማለት ነው። በአቡነ ዮሴፍም ጥዱና ወይራው ተርፎ ያለው በአመዛኙ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። እምነቱ የጠበቀውን ደን እምነቱ ባልደረሰበት ቦታ አናገኘውም።

6. ለኛ ለጋዜጠኞች

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኔ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች አቀርባለሁ፤ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

ሀ) የታየውን፣ የተነገረውንና የተጠናውን እንለይ። «ዋሻው ውስጥ የደረቀ አስከሬን አለ» የታየ ነው። «ከኢየሩሳሌም የመጡ ናቸው» የተነገረ ነው። ሕንፃው የአክሱም አሠራር መሆኑ የተጠና ነው። ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅሎ መጻፍ አንባቢንም እምነቱንም መበደል ነው። «ይባላል» የምትለዋ ቃል ትንሽ ብትሆንም ሥራዋ ከባድ ነው።

ለ) ፎቶ ከማንሳታችን በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ እንጠይቅ። ከፈቀዱ እንኳ የፊትን የቅርብ ፎቶ እንተው። አስከሬኑ የአጎታችሁ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ማየት ትፈልጋላችሁ? የሰባት መቶና የስምንት መቶ ዓመት ዕድሜ የሰውን ክብር አይቀንስም። «ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አለው። ማወቅ ያለበት ግን አጥሩ ለምን እንዳልታጠረ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ በጀት እንዳለ ወይም እንደሌለ ነው። ይህን ደግሞ የራስ ቅል ፎቶ አይነግረውም።

ሐ) ዝም ማለትም ጥበቃ አይደለም። «ቅዱስ ነው አትንኩት» ብለን ከተውነው አጽሙ በጎብኚ እግር ይረገጣል፤ አይጥና አቧራ ይጨርሰዋል። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገቡት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ የዓለም ዓይን የሚያርፍበት ቦታና ጥበቃ የሚሻው ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድና በባለሙያ እጅ መመዝገብ፣ መሸፈንና መከለል ይቻላል። ይህን መወትወት የኛ ሥራ ነው።

መ) አገሩን ለጎብኚ ብቻ አንጻፈው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታና ዋግ ሲደርስ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ግጭት ሲነሣ፣ የጎብኚው እግር ጠፋ። ያን ጊዜ ስለነዚህ ቦታዎች የሚጻፈውም አብሮ ተመናመነ። በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ አነስተኛ ቡና ቤት ከፍታ የምትኖረው ሴት ግን እዚያው ነበሩ። ካህኑም ያለ ጎብኚ ቀድሷል። ቦታው የሚኖረው ሰው ሲያየው ብቻ አይደለም።

ሠ) በአገሩ ቋንቋ እንጠይቅ። በዋግ ኽምጣኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ስለ ተራራና ስለ ውኃ የሚነግሩን ነገር በአማርኛ ሲተረጎም ይሳሳል። በአማራ መገናኛ ብዙኃን በኽምጣኛ ፕሮግራም መተላለፉ ጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ድምፃቸውን ቀርፆ ማስቀመጥ ግን የመገናኛ ብዙኃኑ ብቻ ሳይሆን የየአንዳንዳችን ሥራ ነው። መቅረፀ ድምፅ ያለው ስልክ በየኪሳችን አለ።

ማጠቃለያ

አቡነ ዮሴፍ አንድ ተራራ ቢሆንም በላዩ ላይ ብዙ ሰዎች የየራሳቸው ነገር አላቸው። ገበሬው የገብስ ማሳ፣ እረኛው ግጦሽ፣ ካህኑ ደብር፣ ተመራማሪው ቀይ ቀበሮ፣ ጎብኚው ፎቶ፣ ቆላ ያለነው ደግሞ ውኃ እናገኝበታለን። ከሁሉም በላይ ዝም ብለው የተኙ ሰዎች አሉ። እነሱ ስለ ራሳቸው መናገር አይችሉም፤ ፎቶ ሲያነሷቸው እንቢ ማለትም አይችሉም።

በክፍል ውስጥ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ሁኑ» እየተባልን እንማራለን። አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕያዋን ነው የምናስበው። ከሕያዋን ይልቅ ድምፅ የሌላቸው ግን ሙታን ናቸው። ስለነሱ ስንጽፍ የምናሳየው ጥንቃቄ ስለ ሕያዋን ስንጽፍ ምን ዓይነት ጋዜጠኞች እንደምንሆን አስቀድሞ ይናገራል። ነፍሳቸውን ይማር።

ቸር ይግጠመን።